የማርሚታ ሂሳብ፦ ማስበየድ ወይስ መለወጥ?

አንድ ሊትር ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲቃጠል፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩም የጭስ ማውጫውም በደንብ ሲግሉ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። መኪናዋ አጭር መንገድ ሄዳ ሳትሞቅ ከቆመች ግን እንፋሎቱ ማርሚታው ውስጥ ቀዝቅዞ ወደ ውሃነት ይመለሳል። ከጭሱ ከሚቀረው አሲድ ጋር ተቀላቅሎም ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ባለቤቱ ዝገቱን ከውጭ በሚያይበት ቀን ማርሚታው ካለቀ ቆይቷል።

በተጓዘችው ኪሎ ሜትር ሲሰላ፣ በሰንበት ብቻ የምትነዳ የስፖርት መኪና ማርሚታ ቀኑን ሙሉ ከሚሮጥ ታክሲ ማርሚታ ቀድሞ የሚበሳው ለዚህ ነው። ንብረት በመሥራት ብቻ አያልቅም፤ በመቆምም ያልቃል። ስለዚህ የዚህ ዕቃ ወጪ መሰላት ያለበት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓመት ነው።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን እንውሰድ። ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና በ1989 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየች፤ በ2016 የተመረተችው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ብዙ ወዳጅ ካፈራችባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ማርሚታው ከውስጥ በውሃ፣ ከውጭ በጨው ይበላል። ሦስት ዓመት የሞላት መኪና በየዓመቱ ስለምትመረመር ጭስ የሚያፈስ ማርሚታ ይዞ መቆየት አይቻልም። ባለቤቱ ማስበየድ፣ በተራ ብረት የተሠራ አዲስ መግዛት፣ ወይም በማይዝግ ብረት የተሠራውን መግጠም አለበት።

ለስሌት እንዲመች ዋጋና ዕድሜ እንገምት። ብየዳው 60 ፓውንድ ፈጅቶ አንድ ዓመት ያገልግል፤ ተራው ብረት በ180 ፓውንድ አራት ዓመት፣ የማይዝገው በ420 ፓውንድ 12 ዓመት ይቆይ። ዋጋውን ለዕድሜው ብናካፍል ብየዳው በዓመት 60፣ ተራው 45፣ የማይዝገው 35 ፓውንድ ይሆናል። በዕለቱ ርካሽ የነበረው ብየዳ በዓመት ሲታይ ከሁሉም ውድ ሆነ። ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል።

ስሌቱ ግን አላለቀም፤ ለ12 ዓመት የሚሆን ዋጋ ዛሬ ሲከፈል ገንዘቡ ከሌላ ሥራ ተነስቶ ነው። ወለድ 5 በመቶ ቢሆን ዓመታዊው ወጪ በቅደም ተከተል ወደ 63፣ 51 እና 47 ፓውንድ ይጠጋል። የማይዝገው አሁንም ይመራል፤ ልዩነቱ ግን ጠቧል። ወለዱ 10 በመቶ ሲሆን ተራው ብረት በ57 ፓውንድ ይቀድማል፤ የማይዝገው 62 ይደርሳል። በ15 በመቶ ወለድ ደግሞ የማይዝገው ወደ 77 ወጥቶ ከብየዳውም ይብሳል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው የገንዘብ ዋጋ ነው። ብድር ውድ በሆነበት አገር ሰው መጠጋገን ሲያበዛ አርቆ ባለማሰብ መውቀስ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ አንድ ነገር ይጨመራል። የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ በ2024 እ.ኤ.አ. 15 በመቶ ሆኖ ተተምኗል። ይህን ብቻ የሚያይ ሰው «ከማይዝገው ብየዳ ይሻላል» ሊል ይችላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ ገዝቶ ያስገጠመ ሰው ያተረፈው ከወለዱ በላይ ነው። እንግዲህ ወለዱን ብቻውን ማየት አይበቃም፤ ነገ የሚገዛው ዕቃ በስንት ይወደዳል ከሚለው ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚመዘነው።

ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ዕቃ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ የበያጁ ጉልበት በብር ይከፈላል። ምንዛሪ ሲንር ብየዳ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም ላሜራውም የብየዳ ዘንጉም ከውጭ ስለሚመጡ ጭማሪው ዞሮ ጋራዡ መድረሱ አይቀርም። በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ያስገድዳል፤ የጥገና ሙያም ዋጋው ይጨምራል።

የማይዝገው ብረት የራሱ አደጋ አለው። ለማርሚታ ከሚመረጡት የማይዝጉ ብረቶች በአንዱ ውስጥ 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለ። በመጋቢት 2022 በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የአንድ ቶን ኒኬል ዋጋ ከ100,000 ዶላር አልፎ ግብይቱ እስከ መቆም ደርሶ ነበር። የማርሚታ ዋጋ ከፋብሪካው ርቆ በሚገኝ ገበያም ይወሰናል ማለት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ የማርሚታውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ባዶውን ቆርቆሮ ይገጥማል፤ ድምፁም «የስፖርት መኪና» ይሆንለታል። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ከባለቤቱ ኪስ ወደ ጎረቤት ጆሮ ተዛወረ እንጂ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ብረት በካቻቢቴ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ማስበየድ ያዋጣል፤ ካቻቢቴው ዘልቆ ከገባ ብየዳው የሚይዘው ብረት ስለሌለ ገንዘብ መጣል ነው። መኪናዋን በሁለት ዓመት ውስጥ የምትሸጡ ከሆነ ተራው ብረት ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ልትይዟት ካሰባችሁና ገንዘቡ ያለ ብድር ከተገኘ የማይዝገው ይሻላል።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መኪናዋን ካስነሳችሁ አይቀር ግማሽ ሰዓት ያህል ንዷት፤ ማርሚታው ይጋል፣ ውሃው ይውጣ።