አሻራ ከሰጡ በኋላ

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ አጠገብ ባለችው የአሻራ ማሽን ፊት እንሰለፋለን። ጣታችንን እናስነካለን፣ ማሽኗ ጢጥ ትላለች፣ መውጣታችን ይመዘገባል። ከዚያ ዞረን ወደየጠረጴዛችን እንመለሳለን። ሠርቼ ባለፍኩበት አንድ የሒሳብ ክፍል የየዕለቱ ልማድ ይህ ነበር። ቤታችን ገብተናል ተብሎ በተመዘገበበት ሰዓት ደረሰኝ ከደረሰኝ እናመሳክራለን፤ ሰኔ ሲመጣ ደግሞ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት። "ቆዩ" ያለን ሰው አልነበረም። አዲስ ለገባው ነባሩ ያሳየዋል። አለቃችን ቀድሞ የተነሣውን ቀና ብለው ያዩና "ጨረስክ እንዴ?" ይሉታል። ያቺ ጥያቄ ትበቃ ነበር፤ ሰውዬው ቦርሳውን መልሶ ያስቀምጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት የተፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት ነው። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በ1.75 ይባዛል። ሕጉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሥራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የተሠራ መሆን አለበት። ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት የሚመዘግበውም አሠሪው ራሱ ነው። ዝም የሚል አለቃ በዝምታው ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ ሥራውን ያገኛል፣ ማስረጃም አይተውም።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የወር ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሰው በወር 208 ሰዓት ቢሠራ ሰዓቱ 50 ብር ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢያመሽ በ26 ቀን 3,900 ብር ይገባዋል። የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በዚያ ላይ ታክሲ ሲጠፋ በራይድ የሚሄደው በራሱ ኪስ ነው።

የቀድሞው አዋጅ 377/1996 ትርፍ ሰዓትን በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ገድቦ ነበር። አሁን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሆኗል። በሳምንት 12 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢቆጠር 624 ይደርሳል። ክፍያው ከ1.25 ወደ 1.5 ከፍ ማለቱ ሲነገር ይህም አብሮ መነገር ነበረበት፤ ለማይከፈለው ሠራተኛ የተረፈው የጣሪያው ከፍ ማለት ብቻ ነውና።

"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ እንተባበር" የሚለው ንግግር ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። መተባበርን ገበሬው ያውቀዋል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ አስጋግሮ ይጠብቃል፤ ዛሬ ያጨደለትን ጎረቤት ነገ እሱ ማጭዱን ይዞ ይሄድለታል። ተራው የማይደርስበት ደቦ የለም። ድርጅቱ ግን የእኔን ምሽት የሚመልስልኝ መቼ ነው? ልጄ ታምማ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ለመውጣት ስጠይቅ ፈቃድ የሚያስፈልገኝ ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ስወጣም ቢያንስ ሊጻፍልኝ ይገባል።

አንዲት ባልደረባችን ታዲያ ራሷ ትጽፈው ነበር። በቦርሳዋ የምትይዛት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበረቻት፤ ቀኑን፣ የወጣችበትን ሰዓት፣ የሠራችውን ሥራ በሰማያዊ እስክሪብቶ ታሰፍራለች። አራት ዓመት ጻፈች። በሥራ ላይ እያለች አልከሰሰችም፤ ማን ይከሳል? ስትለቅ ደብተሯን ይዛ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው ገጾቹን አገላብጦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ እንደሚታገድ ነገራት፤ ሦስት ዓመት ተኩሉ እዚያው ቀረ። ለቀሩት ገጾች ደግሞ ማን እንዳዘዛት ጠየቃት፤ የአሻራው መዝገብ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታለች ይላል።