ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ ታዳጊ ታራንቱላዎች የቤት ውስጥ አያያዝ

ቀይ ጉልበት በመባል የምትታወቀው የሜክሲኮ ታራንቱላ ሸረሪት በተፈጥሮዋ በአገሪቱ የፓስፊክ ጠረፍ አካባቢ ጉድጓድ ውስጥ ትኖራለች። ሴቷ በአግባቡ ከተያዘች ከ20 ዓመት በላይ ልትቆይ ስለምትችል፣ በቤት እንስሳነት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ኃላፊነቱ የረጅም ጊዜ መሆኑን አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል።

ለታዳጊዋ ሰፊ ሣጥን አያስፈልግም። ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች ያሉት አነስተኛ ዕቃ በቂ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ባልነካው አፈር ወይም በኮኮናት ቃጫ ብናኝ ይሞላል። ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ቀዳዳ ከተበጀላት ቁፋሮውን ራሷ ትቀጥላለች። ከከፍታ መውደቅ ስስ ሆዷን ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት ጠባብ መሆን አለበት። የአፈሩ አንድ ወገን እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል። ምግቧ ከሆዷ መጠን ያልበለጡ ነፍሳት ናቸው፤ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተያዘ ፌንጣ ግን ሊሰጣት አይገባም። ለትንኝና ለበረሮ ተብሎ በቤት ውስጥ የሚነፋ ፍሊትም እርሷንም ይገድላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቅርፊቷን የምትቀይርበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ መብላት ታቆማለች፤ የጉድጓዷን አፍ በአፈርና በድር ዘግታ ለሳምንታት ላትታይ ትችላለች። ሞታለች በሚል ግምት ቆፍሮ ማውጣት በቅን ልቦና የሚፈጸም፣ ነገር ግን ለሞት የሚዳርግ ስህተት ነው። በጀርባዋ ተንጋላ መታየቷም ብዙውን ጊዜ ቅርፊት እየቀየረች መሆኗን እንጂ መሞቷን አያመለክትም። ስለሆነም ልትነካም ሆነ ልትገለበጥ አይገባም። ሊጎዷት ስለሚችሉ በሕይወት ያሉ ነፍሳት ከዕቃው ይወገዳሉ፤ ቅርፊቷን ከቀየረች በኋላም መንከሻዋ እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል ምግብ አይቀርብላትም።

እያደገች ስትሄድ ከሆዷ የምታራግፈው ፀጉር ቆዳንና ዓይንን ስለሚያሳክክ በእጅ ባትያዝ ይመረጣል።

ይህች ሸረሪት ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት፣ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ሁለተኛ አባሪ ተመዝግባለች። በመሆኑም ከአገር ወደ አገር የምትዘዋወረው ከላኪው አገር በሚሰጥ ሰነድ ብቻ ነው፤ በእርባታ የተገኘች መሆኗም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርግም። ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የሚያስቡ ተገልጋዮች ግዢውን ከመፈጸማቸው በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማነጋገር ይኖርባቸዋል።