ከመጋዘን ወደ መደርደሪያ፦ የንግድ መዝገብን በኮምፒውተር ሜሞሪ ስለ መያዝ

የደባርቅ ባለሱቅ ዘወትር የሚሸጠውን ጨው፥ ስኳርና ዘይት እጁ ከሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ያኖራል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠየቀውን ዕቃ ግን ወደ ጓዳው መጋዘን ያገባዋል። የንብረትና የሽያጭ መዝገባቸውን በኮምፒውተር የሚይዙ ነጋዴዎቻችን «መሣሪያው ዘገየ» እያሉ ሲያማርሩ፥ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው የመደርደሪያና የመጋዘን ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ኮምፒውተር ሁለት ማኖሪያ አለው። አንደኛው ዲስክ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን አይለቅም። ሁለተኛው ሜሞሪ እጅግ ፈጣን ሲሆን፥ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። ከሜሞሪ ማንበብ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል ብንል፥ ከሚሽከረከረው ዲስክ ፈልጎ ማንበብ 28 ሰዓት ያህል በፈጀ ነበር፤ ይህም ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሳያርፉ በእግር እንደ መጓዝ ነው። ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ ዲስክ ጊዜውን ወደ ሩብ ሰዓት ግድም ቢያወርደውም ከሜሞሪ አይተካከልም።

ስለዚህ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች አንድ ጊዜ ከዲስክ ያነሡትን በሜሞሪ ያቆያሉ፤ ቦታው ሲሞላም ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን ያስወጣሉ። ይሁን እንጂ ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስኪውኤል ባለሙያ ካልለወጠው በቀር ለዚህ ሥራ የሚይዙት 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባለ 16 ጊጋባይት መሣሪያ የገዛ አስመጪ ከከፈለው ያነሰ ጥቅም ያገኛል ማለት ነው። ሌላ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ይህን ቁጥር መጠየቅ ይገባል።

አንድን ሠንጠረዥ በሜሞሪ ቸንክሮ መያዝ የሚሹም አሉ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ ነበረው፤ ነገር ግን ትልቅ ሠንጠረዥ ሲቸነከር ለሌላው ሥራ ቦታ ስለሚያሳጣ፥ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዕትም ትእዛዙ እንዳይሠራ ተደረገ። በእኛ አስተያየት በሜሞሪ ሊኖር የሚገባው የዋጋ ዝርዝርና የደንበኞች መዝገብ ነው እንጂ የአምስት ዓመት ደረሰኝ አይደለም። በሐምሌ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት የሚወጣው ታላቅ ዝርዝር የዕለቱን ዕቃ ከመደርደሪያው ሊያባርር ስለሚችል፥ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ቢሠራ ይመረጣል።

መብራት ሲቋረጥስ? ተመዝግቧል የተባለው ሽያጭ አስቀድሞ በዲስክ ላይ ስለሚጻፍ አይጠፋም። መደርደሪያው ግን ባዶ ይሆናል፤ መብራት እንደ ተመለሰ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚዘገየው ስለዚህ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መደርደሪያውን ራሱ መልሶ የሚሞላበት ተጨማሪ መሣሪያ አለው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ዳታቤዙ ራሱ በሜሞሪ የያዘው ሁልጊዜ የታረመው ነው፤ የሱቁ ፕሮግራም ለብቻው የሚይዘው ግልባጭ ግን ሊያረጅ ይችላል። የደባርቅ ጅምላ ነጋዴ የስኳር ዋጋ በአራት ሰዓት ቢለውጥ፥ በመካነ ብርሃን ያለው ቅርንጫፉ የጧቱን ግልባጭ ይዞ እስከ ማታ በአሮጌው ዋጋ ሲሸጥ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሊጥ ዋጋ ለሚከታተል ላኪም ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ይሆናል። ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ግልባጩ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጣል በውሉ ያስጽፍ፤ ዋጋና ቀሪ ሒሳብ ደግሞ ደረሰኝ በሚቆረጥበት ሰዓት ከዋናው መዝገብ እንዲጠየቅ ያድርግ።