የኡማዋካ ሸለቆ፦ ውበቱ ተመዝግቧል፣ መሬቱስ?

በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሁሁይ ግዛት፣ የኡማዋካ ሸለቆ ከቀዝቃዛው የአንዲስ ደጋ ተነሥቶ ሪዮ ግራንዴ የተባለውን ወንዝ እየተከተለ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ፑርማማርካ የምትባለው ትንሽ ከተማ የተንተራሰችው ሰባት ቀለማት ያሉትን ኮረብታ ነው። ቀዩ ከብረት፣ አረንጓዴው ከመዳብ የመጣ ነው። ጎብኚም የሚጎርፈው ይህንኑ ለማየት ነው።

ዩኔስኮ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መስፈርቱ ባህል እንጂ የኮረብታ ቀለም አልነበረም። በዚህ ሸለቆ ሰው ለ10,000 ዓመታት ያህል ኖሮበታል፣ ነግዶበታል። ኢንካዎች መንገዳቸውን በዚሁ አሳለፉ፤ ስፔናውያንም ተከተሏቸው። በቲልካራ ኮረብታ ላይ ጥንታዊው ምሽግ፣ በኮክታካ ደግሞ የገበሬዎች የድንጋይ እርከን ዛሬም ይታያል። በየዓመቱ ኦገስት ሲገባ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር፣ ምግብ፣ የኮካ ቅጠልና የበቆሎ ጠላ ያቀርባል። ምድር ካልበላች አታበላምና ይህ ለካሜራ የሚዘጋጅ ትርኢት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው።

ይህን ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት የኮያና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ልጆች ግን በገዛ መሬታቸው ጭሰኛ ሆነው ኖረዋል። በ1946 ከዚህ ሸለቆና ከደጋው የተነሡ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች መሬታችን ይመለስልን ብለው እስከ ቦነስ አይረስ ተጓዙ። ጉዟቸውም «የሰላም ዘመቻ» ተባለ። ፕሬዚዳንት ፔሮን ተቀበላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የመንግሥት ኃይሎች በግድ በባቡር አሳፍረው መለሷቸው። የ1994ቱ የአርጀንቲና ሕገ መንግሥት ለነባር ሕዝቦች የጋራ ይዞታ በግልጽ እውቅና ሰጠ። ሆኖም የይዞታ ማረጋገጫው እየተጓተተ በ2006 ሁለተኛ ዘመቻ ተደረገ።

አሁን ደግሞ ሊቲየም መጣ። ከፑርማማርካ በስተምዕራብ ሽቅብ ሲወጣ የሳሊናስ ግራንዴስ ሰፊ የጨው ሜዳ ይገኛል። ሊቲየም ባብዛኛው የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ሜዳ ሥር ጨዋማ ውሃ እየተሳበ በፀሐይ እንዲተን በማድረግ ነው። ዝናብ በማይበረክትበት አገር ይህ ለበግና ለላማ አርቢ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በዚያ የሚኖሩት ማኅበረሰቦች በ2015 «ካቺ ዩፒ» የተባለ ሰነድ አዘጋጅተው መንግሥትም ሆነ ኩባንያ እንዴት ሊያማክራቸው እንደሚገባ በጽሑፍ አስቀመጡ።

በጁን 2023 የሁሁይ መንግሥት ማኅበረሰቦቹን በወጉ ሳያማክር የግዛቱን ሕገ መንግሥት በጥድፊያ ሲያሻሽል ቁጣው ገነፈለ። ሕዝቡ ፑርማማርካ ላይ መንገድ ዘጋ፤ ፖሊስም የጎማ ጥይት ተኮሰ። ስለ መሬትና ስለ ነባር ሕዝቦች የተጻፉት ሁለት አንቀጾች ቢነሡም ማሻሻያው ጸደቀ። ሦስተኛው የሰላም ዘመቻ በፓቻማማ ቀን፣ በኦገስት 1፣ ቦነስ አይረስ ገባ።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሸለቆውን ለቅርስነት ያበቁት ነዋሪዎቹ ናቸው። እርከኑንና ሥርዓቱን ጠብቀው ላቆዩት ማኅበረሰቦች የመሬታቸው ማረጋገጫ ይሰጥ፤ ሳይስማሙም በጨው ሜዳቸው ላይ አንድ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈር።