ቃለ መጠይቅ የሚጥላቸው ባለሙያዎች

ባለፈው ሴሚስተር በግሩፕ ፕሮጀክታችን አንዱን ልጅ «አይሳተፍም» ብለነው ነበር፤ ለካ ኮዱን ሌሊት ሠርቶ በቴሌግራም የላከው እሱ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎችም ከሥራ የሚቀሩት ሙያው ጎድሏቸው ሳይሆን፣ ቃለ መጠይቁ ዓይን ለዓይን መተያየትንና ጨዋታ ማወቅን ስለሚፈትን ነው። ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማይክሮሶፍት በ2015 ለእነሱ የተለየ የቅጥር መንገድ ጀምረዋል፤ ማይክሮሶፍት አመልካቹን ለቀናት እያሠራ ይመዝነዋል። ሥራው ከቤት ሲሆን ደግሞ ጫጫታው ይቀራል፣ ትእዛዙም በጽሑፍ ይመጣል። ትኩረት የመሰብሰብ ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለበት ሰው ግን ብቻውን ሲሆን ይብስበት ይሆናል። (መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም ያው ነን!) በአገራችን አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሁኔታውን ለአካል ጉዳተኛ እንዲያመቻች ያዛል፤ ትርጓሜው የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ስለዚህ ኢንተርንሺፕ ስንወጣ «መመሪያውን በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ነውር የለውም።