የሰማይ ጠቀሶች ቁመት በማን እጅ ነው?

ለንደን ውስጥ፣ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በታጨቁበት ሰፈር፣ ሌደንሆል በሚባለው መንገድ ላይ 225 ሜትር የሚረዝም የመስታወት ሕንፃ አለ። ደቡባዊው ፊቱ ከታች ጀምሮ እስከ ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። የከተማው ሰው «የቺዝ መፈቅፈቂያ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ለአላፊ አግዳሚው የአርክቴክት ቅብጠት ሊመስለው ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በፍሊት ስትሪት በኩል የሚመጣ ሰው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን ጉልላት ያለ ተቀናቃኝ እንዲያይ ይፈለጋል። ሕንፃው ቀጥ ብሎ ቢወጣ ከጉልላቱ አጠገብ ብቅ ይል ነበር። ስለዚህ የሪቻርድ ሮጀርስ ድርጅት አዘንብሎ ከእይታው ገለል አደረገው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የሚከራየው ወለል እየጠበበ እንደሚሄድ ልብ ይሏል፤ ለአንድ ጉልላት እይታ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ትልልቅ ከተሞች ከሩቅ ሲታዩ አንዷን ከሌላዋ የሚለየው የሕንፃዎቻቸው ጫፍ አሰላለፍ ነው። ብዙ ጊዜ ምስጋናው የሚሰጠው ለባለሀብቱና ለአርክቴክቱ ነው። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ቅርጹን በዋናነት የወሰነው ግን ማንም የማያነበው የማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው።

የለንደኑ ደንብ የተወለደው ከቁጭት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋራደይ የተባለው የስልክ ማዕከል ሕንፃ ተሠርቶ ካቴድራሉን ከቴምዝ ወንዝ በኩል ጋረደው። ከተማው ነገሩ ካመለጠ በኋላ ነቃና በካቴድራሉ ዙሪያ የቁመት ገደብ አወጣ። ዛሬ ጥበቃው እጅግ ርቆ ሄዷል። ከካቴድራሉ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ሪችመንድ ፓርክ አንድ ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ቆሞ በተከረከመ አጥር መሃል በተተወች ቀዳዳ የሚያይ ሰው ጉልላቱን ያገኘዋል። በዚያ መስመር ላይ ጉልላቱን የሚከልል ሕንፃ መሥራት ክልክል ነው። ሕግ ግን መቼም ቀዳዳ አያጣም። በ2016 ከካቴድራሉ ጀርባ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ስትራትፎርድ በተባለው ሰፈር፣ ባለ 42 ፎቅ ሕንፃ ሲወጣ ከጉብታው ላይ ለሚያይ ሰው ጉልላቱ ላይ የተደገፈ መሰለ። የፓርኩ ወዳጆች አቤት ቢሉም ፎቁ አልወረደም።

ኒው ዮርክ ሌላ ታሪክ አላት። ከእሷ በፊት ግን የቺካጎን ውለታ ማንሳት ተገቢ ነው። በ1891 ቺካጎ ውስጥ የተጠናቀቀው የሞናድኖክ ሕንፃ 16 ፎቅ ያህል ቁመቱን በጡብ ግድግዳ የተሸከመ በመሆኑ፣ ግድግዳው ከታች 1.8 ሜትር ያህል ይወፍራል። በዚህ አያያዝ ከፍ እያሉ ቢሄዱ ምድር ቤቱ ግድግዳ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። እዚያው ከተማ ዊልያም ለ ባሮን ጄኒ በ1885 በጨረሰው ሕንፃ ላይ ሸክሙን ለብረት ምሰሶና አግዳሚ መስጠት ጀምሮ ስለነበር መንገዱ ተከፍቷል። ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ የማይወድቅ ሊፍት ካሳየ ደግሞ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር።

ብረቱና ሊፍቱ ከተገኙ የሚያግድ ምን አለ? ኒው ዮርክ ውስጥ ለጊዜው ምንም አልነበረም። በ1915 ብሮድዌይ ላይ የተጠናቀቀው ባለ 38 ፎቁ ኢኩዊተብል ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነስቶ አንዲት ስንዝር ሳያፈገፍግ ወደ ላይ ወጣ። ጥላው ሦስት ሄክታር ገደማ ይሸፍን ስለነበር ጎረቤቶቹ ፀሐይ ተነፈጉ። በማግስቱ ዓመት ሕግ ወጣ። ሕንፃ ከመንገዱ ስፋት ጋር የተመጣጠነ ከፍታ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ እየሸሸ መሄድ አለበት፤ የመሬቱን አንድ አራተኛ ብቻ የያዘው ክፍል ግን ያለ ገደብ መውጣት ይችላል። የክራይስለርና የኤምፓየር ስቴት ሕንፃዎች ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ ሄደው በቀጭን ማማ የሚያልቁት በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ፊልም ላይ እንደ ውበት የምናደንቀው ቅርጽ ለጎረቤት ፀሐይ የወጣ ሕግ ውጤት ነው።

የቁመት ፉክክሩም በሕጉ ውስጥ ነበር የሚካሄደው። በ1929 የክራይስለር ሠሪዎች ዎል ስትሪት ላይ ካለው ተቀናቃኛቸው ተደብቀው 56 ሜትር የሚረዝም የብረት ሹል በሕንፃው ሆድ ውስጥ ገጣጠሙ፤ ከዚያም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ከጣሪያው በላይ አወጡት። ዘውዱ ግን ብዙም አልቆየላቸውም። በ1931 ኤምፓየር ስቴት 381 ሜትር ሆኖ በለጣቸው።

በ1961 ደንቡ ተቀየረ፤ የሚቆጠረው የወለሉ ስፋት ሆነ። ጎረቤትህ ዝቅተኛ ሕንፃ ካለው ያልተጠቀመበትን የመገንባት መብት ገዝተህ በራስህ ሕንፃ ላይ መደረብ ትችላለህ፤ «የአየር መብት» ይሉታል። ሴንትራል ፓርክ አጠገብ እንደ እርሳስ ቀጥነው የቆሙት የቱጃር መኖሪያዎች የዚህ ንግድ ልጆች ናቸው። 57ኛው መንገድ ላይ ያለው አንዱ 435 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን 18 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የማሽን ወለሎች ከቆጠራው ውጭ ስለነበሩም አንዳንዱ ባለቤት ባዶ ከፍታ እየጨመረ አፓርታማዎቹን ወደ ሰማይ ያስጠጋ ነበር፤ ከተማው ይህን ቀዳዳ የደፈነው በ2019 ነው።

ዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚያዩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ፖቶማክ ወንዝን ተሻግረው ሮስሊን ሲደርሱ ፎቅ በፎቅ ነው፤ ዋና ከተማዋ ግን ዝቅ ብላ ተዘርግታለች። ሕንፃዎች ካፒቶል የተባለውን የምክር ቤቱን ሕንፃ እንዳይበልጡ ተብሎ ነው የሚለው ወሬ ስህተት ነው። መነሻው በ1894 የተሠራው 50 ሜትር ያህል የሚረዝመው ካይሮ የተባለው አፓርታማ ነው። ጎረቤት አጉረመረመ፤ የእሳት አደጋ መሰላል እንደማይደርስም ተነገረ። የ1910ሩ ሕግ የሕንፃን ቁመት በመንገዱ ስፋት ላይ 6 ሜትር ገደማ በመጨመር ወሰነው፤ በአብዛኞቹ የንግድ መንገዶች ጣሪያው 40 ሜትር አካባቢ ነው። ፓሪስም 210 ሜትር የሚረዝመውን የሞንፓርናስ ሕንፃ በ1973 ካየች በኋላ ተጸጽታ በ37 ሜትር ላይ ገደብ አበጀች፤ ፎቆቿን ላ ዴፋንስ ወደሚባለው ከወሰኗ ውጭ ወዳለ ሰፈር ገፋቻቸው።

ዱባይ ደግሞ ለከፍታ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታለች። በ1979 የተመረቀው ባለ 39 ፎቁ የንግድ ማዕከል በረሃው ዳር ብቻውን የቆመ ነበር፤ ዛሬ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሰው ከሚገለገልበት የመጨረሻው ወለል በላይ ያለው ባዶ ሹል ብቻ 244 ሜትር ይሆናል፤ 209 ሜትር ከሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ይበልጣል ማለት ነው። ከፍታው ግን ለጉራ ብቻ አልቀረም። በረመዳን ከ80ኛው ፎቅ በላይ ያሉ ሰዎች ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅባቸው ከሌላው ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉት ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ የከተማዋ ሙፍቲ ወስነዋል።

ሆንግ ኮንግን ያስጎነበሳት አውሮፕላን ነበር። ካይ ታክ ኤርፖርት ካውሉን በተባለው የከተማዋ ክፍል ውስጥ ስለነበር አውሮፕላኖች በጣሪያዎች ላይ ዝቅ ብለው ይታጠፉ ነበር፤ ሕንፃዎችም ለዚያ ሲባል አጠሩ። ኤርፖርቱ በ1998 ተዘግቶ ወደ ላንታው ደሴት ጠርዝ ሲዛወር ገደቡ ላላ፤ በ2010 እዚያው ካውሉን ውስጥ 484 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ተጠናቀቀ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቁመት በቀን የተወሰነበት ጊዜም አለ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት 99.9 ሜትር የሆነው የኅብረቱን መመሥረት ያበሠረው የሲርት መግለጫ የወጣበትን ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 (9/9/99) ለማስታወስ ነው። ሰንጋ ተራ ላይ ባንኮቹ እየተሽቀዳደሙ ወጥተዋል። ቦሌ ኤርፖርት ግን ከተማው መሃል ነው፤ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ ደግሞ የማኮብኮቢያ ዙሪያ የቁመት ገደብ አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አዲስ ግዙፍ ኤርፖርት ለመገንባት ስለተነሳ፣ ቦሌ ላይ መሬት ያለው ሰው የካውሉንን ዕድል ሊመኝ ይችላል። ካይ ታክ ግን ጨርሶ ነው የተዘጋው። ቦሌ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ እያስተናገደ ቢቀጥል እንኳ በማኮብኮቢያው ዙሪያ ያለው ገደብ አብሮት ይቀጥላል።