ሶፋችን ባና ለበሰ

ለበዓል መሐል ሜዳ እናቴ ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሶፋው ላይ ነው። መቀመጫው ጎድጉዷል፤ ክንዱ ላይ ጨርቁ ተተልትሎ ስፖንጁ ወጥቷል። እናቴ አንሶላ ጣል አድርጋበታለች። እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር አንሶላው ይንሸራተታል፤ እሷም ተነስታ ታስተካክላለች። የአዲስ ሶፋ ዋጋ የምታውቁት ነው። «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ሶፋ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ስፖንጁና ጨርቁ ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም። ገልብጡትና ከሥር ያለውን ስስ ጨርቅ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ንቀሉ። እንጨቱን ወዝውዙት፤ ካልተነቃነቀ ሶፋው ገና አለ ማለት ነው። የላላውን የላስቲክ ቀበቶ ወጥራችሁ ምቱ፤ ስፖንጁን በልኩ አስቆርጣችሁ ቀይሩ። አዲስ ጨርቅ የምታለብሱ ከሆነ አሮጌውን አትጣሉት፤ ለልክ ማውጫ ይሆናችኋል።

እኔ ግን ጨርቅ አልገዛሁም። ሣጥን ውስጥ የአባቴ ባና ነበር። በአገራችን አብዛኛው በግ ጠጉሩ አጭር ነው፤ የመንዝ በግ ግን ሱፍ አለው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔ ይሠራዋል። ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሆኖ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ብርድ ሲመክት ኖሯል። ይሻክራል፤ ግን በቀላሉ አይበጠስም። «ከዚህ የተሻለ የሶፋ ልብስ ከየት ይመጣል?» ብዬ መቀስ አነሳሁ።

«የአባትህ ባና በመቀስ አይነካም!» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለወጠብኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ባናውን ማንም ለብሶት አላየሁም።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ባናውን ሳንቆርጥ አጥፈን ዘረጋነው፤ ጠርዙን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ወሸቅነው። እንዳይንሸራተት የተጠቀለለ ካርቶን አብረን ሰገሰግን። ከኋላ በወፍራም መርፌ አራርቀን ጠቀምነው፤ ሲፈለግ ክሩ ይፈታል። ከሞከራችሁት ባናውን በፈላ ውኃ አትጠቡት፤ ይኮማተራል። ብልም ስለሚወደው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት።

ማታ ብርዱ ጠና። እናቴ ክሩን ፈታ ባናውን ከሶፋው ላይ አነሳችና ደረበችልኝ። ሶፋው ራቁቱን አደረ። ጠዋት አብረን መልሰን አለበስነው።